ማሪያን አንደርሰን፤ በፋሲካ ቀን ከደረጃው ላይ የተሰማው ድምፅ

ንጉሥ በአዋጁ፥ የጦር አለቃ በድሉ፥ ሊቅ በመጽሐፉ ሲታወስ ይኖራል፤ የዘፋኝ ድምፅ ግን ከአፍ ወጥቶ በአየር ላይ የሚበተን ነገር ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ከሰሚዎቹ ጋራ አብሮ ይቀበራል። በአሜሪካ አገር የተወለደችው የጥቁር ወገን ዘፋኝ የማሪያን አንደርሰን ድምፅ ግን እንዲህ ጠፍቶ አልቀረም። ሕግና ልማድ የዘጉትን ደጅ ከፍቶ አልፎአል፤ በዚያም ደጅ ከእርስዋ በኋላ አያሌ ሰዎች ገብተውበታል። የታሪክዋ ጥቅም በድምፅዋ ማማር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ድሆች ያሳደጉአት ልጅ ያገኘችውን ክብር ለብቻዋ ሳታስቀር፥ ላሳደጋት ሕዝብ እንዴት አድርጋ እንደ መለሰችው ያሳያል፤ ደግሞም ፍትሕ በዘገየ ጊዜ የሚጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ ያስተምራል።

ማሪያን የተወለደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 27 ቀን በፊላዴልፊያ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታችም የሚጠቀሰው ዘመን በዚሁ አቆጣጠር ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አገር ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና 32 ዓመት ነበር፤ የአባትዋ አባትም በባርነት የተወለደ ሰው ነበረ። አባትዋ ጆን አንደርሰን በከተማው ገበያ በረዶና የድንጋይ ከሰል እየሸጠ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር፤ እናትዋ አኒ ከጋብቻዋ በፊት በቨርጂኒያ አስተማሪ ነበረች። ሦስት ሴቶች ልጆችን ወለዱ፤ የበኵር ልጃቸው ማሪያን ናት።

ቤተ ሰቡ ዩንየን ባፕቲስት የተባለው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩና፥ ማሪያን በስድስት ዓመትዋ ከሕፃናቱ መዘምራን ጋራ ተቀላቀለች። ድምፅዋ ኮንትራልቶ የሚባለው፥ ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ወፍራምና ዝቅተኛው ነበር። ነገር ግን ወደ ላይ ሲወጣ የማይሰነጠቅ፥ ወደ ታችም ሲወርድ የማይደክም ስለ ነበረ፥ ከመዘምራኑ አንዱ በቀረ ጊዜ የሴቱንም ሆነ የወንዱን ክፍል እርስዋ ተተክታ ትዘምር ነበር። አባትዋ ፒያኖ ገዝቶ ወደ ቤት ቢያመጣም ለአስተማሪ የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ፥ መምታቱን በራስዋ ተማረች።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለች አባትዋ በሥራው ቦታ ራሱን ተመትቶ፥ ጥቂት ጊዜ ታሞ ሞተ። እናትዋ በፊላዴልፊያ ለማስተማር የሚጠየቀው የምስክር ወረቀት ስላልነበራት፥ የሰው ልብስ እያጠበች፥ በአንድ ትልቅ ሱቅም ወለል እየጠረገች ሦስቱን ልጆችዋን አሳደገች። ማሪያንም ትምህርትዋን ለብዙ ጊዜ ማቋረጥ ግድ ሆነባትና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን የጨረሰችው በ1921 ዓ.ም. በ24 ዓመትዋ ነበር። በዚህ መካከል በከተማው ወደሚገኝ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዳ ለመመዝገብ ተራዋን ስትጠብቅ፥ ከእርስዋ በኋላ የመጡት ሁሉ ተስተናግደው ካለቁ በኋላ፥ በመስኮቱ የተቀመጠችው ጸሓፊ ጥቁር እንደማይቀበሉ ነግራ መለሰቻት። ስለ ድምፅዋ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ እጅዋን ይዞ ያነሣት ባለጠጋ ወይም ሹም አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የዩንየን ባፕቲስት ምእመናን ሳንቲም በሳንቲም ላይ አዋጥተው የትምህርትዋን ገንዘብ አወጡላት። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች፥ ሸክም ተሸካሚዎችና ልብስ አጣቢዎች ነበሩ። ከዚያ ገንዘብ ጁዜፔ ቦጌቲ ለተባለ ስመ ጥር የድምፅ አስተማሪ ተከፈለ፤ እርሱም የኦፔራን ዜማ፥ የትንፋሽን አያያዝና የድምፅን አጠባበቅ አስተማራት። ማሪያን በኋላ ዘመን ስለ ሥራዋ ስትናገር «እኔ» ማለትን ትታ «እኛ» የማለት ልማድ ነበራት፤ ሰዎች ምክንያቱን በጠየቁአት ጊዜም ማንም ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም ብላ ትመልስ ነበር። የዚህ «እኛ» ሥሩ በዚያ መዋጮ ላይ ነው።

ዕድልዋ ግን ወዲያው አልቀናም። በ1924 ዓ.ም. በኑዮርክ ከተማ ታውን ሆል በተባለው አዳራሽ ኮንሰርት ባቀረበች ጊዜ፥ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጋዜጦችም በባዕድ ቋንቋ የዘፈነችውን ነቀፉ። ማሪያን እጅግ አዝና ዘፈኑን ፈጽማ ልትተው አሰበች፤ ለብዙ ወራትም ዝም አለች። ቅዱስ ያሬድ በዛፍ ላይ ልትወጣ ስትሞክር ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ለሚያውቅ አንባቢ፥ የዚህ ዝምታ ትርጉም እንግዳ አይሆንበትም። ነቀፋው እውነት መሆኑን አምና ወደ አስተማሪዋ ተመለሰች፤ ቋንቋውንም ገና ከመጀመሪያው ትማር ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1925 ዓ.ም.፥ የኑዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ባዘጋጀው ውድድር ከ300 ያህል ተወዳዳሪዎች መካከል አንደኛ ወጣች፤ በኦገስት 26 ቀንም ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋራ በሕዝብ ፊት ዘፈነች።

ገንዘብ ማግኘት በጀመረች ጊዜ እናትዋ ታገለግልበት ወደ ነበረው ሱቅ ስልክ ደውላ፥ እናትዋ ከእንግዲህ ወዲህ ወደ ሥራ እንደማትመጣ ለአለቃዋ ነገረች። ማሪያን በነገሥታት ፊት ቆማ ከዘፈነች በኋላ እንኳ፥ በሕይወትዋ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ቀን የቱ እንደ ሆነ ስትጠየቅ ይህንኑ ቀን ትጠቅስ ነበር።

ውድድር ማሸነፍ ግን የአሜሪካን መድረክ ሁሉ አልከፈተላትም። በዚያ ዘመን ጥቁር ዘፋኝ በታላላቆቹ የኦፔራ ቤቶች እንዲዘፍን አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ የሮዘንዋልድ ድርጅት በሰጣት ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተሻገረች፤ በበርሊንም ጀርመንኛን ተማረች። ኮስቲ ቬሃነን ከተባለ የፊንላንድ ሰው ጋራ እርሱ ፒያኖ እየመታ እርስዋ እየዘፈነች በሰሜን አውሮፓ አገሮች ዞረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ኮንሰርት እስኪሰጡ ድረስ ሕዝቡ ወደዳት። የፊንላንዱ ታላቅ የዜማ ደራሲ ዣን ሲቤሊየስ በቤቱ ተቀብሎ በሰማት ጊዜ፥ የቤቱ ጣራ ለድምፅዋ ዝቅ እንዳለ ተናገረ፤ አንድ ዜማም በስምዋ አደረገላት። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በኦስትርያ በሳልዝቡርግ ከተማ የኢጣልያው የሙዚቃ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ ሰምቶአት፥ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰማው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ነው አለ።

በአማርኛ ዘፋኝና ዘማሪ ሁለት ስሞች ናቸው፤ ማሪያንን ግን ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መጥራት ያስቸግራል። በአንድ ምሽት በመጀመሪያ የሄንደልንና የሹበርትን ዜማ፥ ቀጥሎም ከኦፔራ የተወሰደ ክፍል ትዘፍን ነበር፤ በመጨረሻ ግን አባቶችዋ በባርነት ሳሉ በእርሻው መካከል ለእግዚአብሔር ያሰሙትን መዝሙር ትዘምራለች። እነዚያ መዝሙሮች ሐዘንን ከተስፋ ጋራ የያዙ፥ የእስራኤልን ከግብፅ መውጣት የራሳቸው ታሪክ አድርገው የሚናገሩ ናቸው። ባሪያዎች ያወጡትን መዝሙር ከታላላቆቹ ሊቃውንት ድርሰት ጋራ እኩል አክብራ በአንድ መድረክ ላይ ማቅረብዋ፥ ያለ ክርክር የተነገረ ትልቅ ክርክር ነበር።

በ1935 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ ሶል ሁሮክ የተባለው የኮንሰርት አዘጋጅ ባሰናዳላት ፕሮግራም፥ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወዳፈረችበት ወደ ታውን ሆል ተመለሰች። በመርከብ ላይ ወድቃ እግርዋን ሰብራ ስለ ነበረ፥ መጋረጃው ሳይከፈት ቦታዋን ያዘች፤ የታሰረውን እግርዋንም ረጅም ቀሚስ ሸፈነው። ሕዝቡ ይህን ሳያውቅ ምሽቱ አለፈ፤ የጋዜጣ ጸሓፊዎችም በዚህ ጊዜ አመሰገኑአት። በ1936 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ቤት በዋይት ሐውስ ዘፈነች።

ዳሩ ግን ክብሩ በመድረክ ላይ ነበር እንጂ በመንገድ ላይ አልነበረም። በደቡብ አገሮች በባቡር ስትጓዝ ለጥቁሮች በተለየው ክፍል ትቀመጣለች፤ ብዙ ሆቴሎችም አይቀበሉአትም ነበር። በ1937 ዓ.ም. በፕሪንስተን ከተማ ሕዝብ አዳራሹን ሞልቶ ካጨበጨበላት በኋላ ማደሪያ የሚሰጣት ሆቴል ታጣ። በዚያ ሌሊት በቤቱ ያሳደራት ታላቁ የተፈጥሮ ጥናት ሊቅ አልበርት አይንሽታይን ነበረ፤ እርሱም ራሱ በወገኑ ምክንያት ከጀርመን አገር የተሰደደ ሰው ነው።

ስምዋን በታሪክ ላይ የጻፈው ነገር የመጣው በ1939 ዓ.ም. ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የማሪያንን ኮንሰርት ለማዘጋጀት ፈልጎ፥ ወደ 4,000 ሰው የሚይዘውን ኮንስቲቲዩሽን ሆል የተባለውን አዳራሽ ጠየቀ። የአዳራሹ ባለቤት የአሜሪካ አብዮት ሴቶች ልጆች የሚባለው ማኅበር ነው፤ አባሎቹም አሜሪካን ነጻ ለማውጣት የተዋጉት ሰዎች ተወላጆች ናቸው። ማኅበሩ በአዳራሹ ነጮች ካልሆኑ በቀር ሌላ እንዳይዘፍን የሚከለክል ውል ስለ ነበረው ፈቃዱን ከለከለ። ስለ ነጻነት የሞቱት ሰዎች ልጆች በነጻነት መታሰቢያ በተሠራ ቤት ውስጥ የባሪያ ልጅ እንዳትዘፍን ከለከሉ ማለት ነው።

የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት የዚህ ማኅበር አባል ነበሩ። በፌብሩዋሪ ወር ከማኅበሩ መውጣታቸውን በደብዳቤ አስታወቁ፤ ወሬውም በጋዜጣ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከዚህ በኋላ የጥቁሮችን መብት የሚጠብቀው ማኅበር መሪ ዋልተር ኋይትና ሌሎች ወዳጆች ተማክረው፥ ኮንሰርቱ በአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ደረጃ ላይ በግልጥ እንዲደረግ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩን ሃሮልድ ኢክስን ለመኑ፤ እርሳቸውም ፈቀዱ። ይህ ቦታ ራሱ ታሪክ ነበረው። ባሮችን ነጻ ያወጣው የሊንከን መታሰቢያ በ1922 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ እንኳ ጥቁሮቹ እንግዶች ለብቻቸው በተለየ ስፍራ እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር።

ማሪያን ጸብ የምትወድ ሴት አልነበረችም። ሰው ሁሉ ስለ እርስዋ ሲከራከር መስማት ያስጨንቃት ነበር፤ በዋዜማው ሌሊትም ፈርታ ለሁሮክ ስልክ ደውላ፥ በእርግጥ መሄድ ይገባት እንደ ሆነ ጠይቃዋለች። ሆኖም ነገሩ ከእርስዋ አልፎ የሕዝብዋ ነገር እንደ ሆነ ስላወቀች ሄደች። ቀኑ ኤፕሪል 9 የፋሲካ እሑድ ነበር፤ በዚያ ዓመት የምሥራቅና የምዕራብ ክርስቲያኖች ፋሲካ በአንድ ቀን ስለ ዋለ፥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. በኢትዮጵያም የትንሣኤ በዓል ነበር። አየሩ ብርድ ነበረና ካፖርትዋን እንደ ለበሰች ከደረጃው ላይ ቆመች። በፊትዋ 75,000 ያህል ሰው፥ ጥቁሩና ነጩ ሳይለያይ፥ ተሰብስቦ ነበር፤ ከዚህም በላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በራዲዮ ይሰማ ነበር። ሚኒስትሩ ባቀረቡአት ጊዜ የጥበብ ስጦታ የቆዳ ቀለም እንደማይለይ ተናገሩ።

መጀመሪያ የዘፈነችው ስለ አሜሪካ ነጻነት የሚናገረውን የአገር መዝሙር ነው፤ በዚያም ውስጥ አንዱን ቃል ለወጠች። ግጥሙ በነጠላ «እኔ» የሚለውን እርስዋ በብዙ «እኛ» አድርጋ ዘፈነችው። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት አላስተዋለው ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። ደጁ የተዘጋው በአንዲት ዘፋኝ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፥ በዚያ ደረጃ ላይ የቆመችውም ብቻዋን እንዳልሆነች በአንድ ቃል ተናገረች። ቀጥሎ ከዶኒዜቲ ኦፔራ አንድ ክፍልና የሹበርትን የማርያም ጸሎት፥ በመጨረሻም የጥቁሮቹን መንፈሳዊ መዝሙሮች አሰማች። ስለ ከለከሉአት ሰዎች አንዲት የነቀፋ ቃል ሳትናገር ፕሮግራሙ ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ማሪያን በዝማሬ ብቻ አልቆመችም። በ1941 ዓ.ም. የትውልድ ከተማዋ 10,000 ዶላር በሸለማት ጊዜ፥ ገንዘቡን ወጣት ዘፋኞች የሚማሩበት ሽልማት መሠረተችበት፤ ምእመናኑ ሳንቲም አዋጥተው ያደረጉላትን እርስዋ ለሌሎች አደረገች። በኮንሰርትዋም ጥቁሮች በኋላ ወይም በሰገነት ብቻ ሳይሆን በአዳራሹ በሁሉም ክፍል ወንበር እንዲያገኙ ትጠይቅ ነበር፤ በመጨረሻም ሰሚው በቀለም በሚለይበት ቦታ ፈጽሞ አልዘፍንም አለች። በ1943 ዓ.ም. በጃንዩወሪ 7 ቀን ለጦርነት ችግረኞች መርጃ በሚደረግ ኮንሰርት በዚያው በኮንስቲቲዩሽን ሆል ተጋብዛ፥ ነጩና ጥቁሩ ተቀላቅሎ በተቀመጠበት ጉባኤ ፊት ዘፈነች። በዚያ ቀንም ድል አደረግሁ ብላ አልተመካችም።

ከዚህ ቀን ልክ 12 ዓመት ቆይቶ፥ በ1955 ዓ.ም. በጃንዩወሪ 7 ቀን፥ የኑዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ደጁን ከፈተላት። የኦፔራው ዲሬክተር ሩዶልፍ ቢንግ ጋብዞአት፥ በቨርዲ «የጭምብል ዳንስ» በተባለው ኦፔራ የጠንቋይቱን የኡልሪካን ክፍል ዘፈነች። ይህ ቤት በ1883 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በ72 ዓመት ውስጥ በዋና ክፍል የዘፈነ ጥቁር አልነበረም። መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ ገና ሳትጀምር በጭብጨባ ተቀበላት፤ እናትዋም በአዳራሹ ነበረች።

ይህን ክብር ሲያስቡ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ማሪያን በዚያ ምሽት የ57 ዓመት ሴት ነበረች፤ ድምፅዋም የወጣትነቱ ጊዜ አልፎ ነበር። ቶስካኒኒ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይሰማል ያለው ድምፅ በኦፔራ መድረክ ላይ ሙሉ ኃይሉን ይዞ የቆመበት አንድም ምሽት በአገርዋ የለም። ትዕግሥትዋ ብዙ ጊዜ ይመሰገናል፤ መመስገንም ይገባዋል። ነገር ግን የተበዳይን ትዕግሥት እያመሰገኑ የበዳይን መዘግየት መርሳት ቀላል ነው። ደጁ ከሃያ ዓመት በፊት ቢከፈት ኖሮ የሚሰማው ዜማ ለዘላለም ሳይሰማ ቀርቶአል፤ በኋላ የመጣ ሽልማትም አልመለሰውም። እርስዋ ይህን እያወቀች ዘግይቶ የተከፈተውን ደጅ አልናቀችም፤ ስለ ራስዋ ሳይሆን በኋላዋ ስለሚመጡት ገባች።

የመጡትም ብዙ አልዘገዩም። ከእርስዋ 20 ቀን በኋላ ሮበርት ማክፌሪን በዚያው መድረክ ዘፈነ። በዘጠኝ ዓመትዋ እናትዋ ወደ ማሪያን ኮንሰርት የወሰደቻት የሚሲሲፒ ልጅ ሌኦንቲን ፕራይስ በ1961 ዓ.ም. በሜትሮፖሊታን ታላቅ ክብር አገኘች፤ በ1966 ዓ.ም. አዲሱ የኦፔራ ቤት ሲመረቅም ዋናዋ ዘፋኝ እርስዋ ነበረች። ማሪያን የመሠረተችውን ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ካሚላ ዊልያምስ፥ ግሬስ ባምብሪና ሸርሊ ቬሬት በዓለም የታወቁ የኦፔራ ዘፋኞች ሆኑ።

የሊንከኑ ደረጃም የዝማሬ ቦታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1944 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባል የ15 ዓመት ተማሪ በጆርጂያ አገር ባደረገው የንግግር ውድድር፥ የማሪያንን የዚያን ቀን ዝማሬ ጠቅሶ ስለ ወገኖቹ መብት ተናገረ። ከ19 ዓመት በኋላ፥ በ1963 ዓ.ም. በኦገስት 28 ቀን፥ ይኸው ሰው በዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ዓለም የሚያውቀውን ንግግር አደረገ። ማሪያንም በዚያ ቀን የአገሩን መዝሙር ልትዘፍን ተጠርታ ነበር፤ ነገር ግን ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በሰዓቱ መድረስ ስላልቻለች፥ በእርስዋ ፈንታ የዘፈነችው በእርስዋ ሽልማት ከተረዱት ወጣቶች አንዷ የነበረችው ካሚላ ዊልያምስ ናት። ማሪያን ቆይታ ደርሳ ሌላ መንፈሳዊ መዝሙር ዘመረች። መምህር ቢዘገይ ደቀ መዝሙሩ ቦታውን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ሥራ እንዴት ያለ እንደ ሆነ በዚህ ይታያል።

ማሪያን የመሰናበቻ ጉዞዋን በ1964 ዓ.ም. በዚያው ቀድሞ በከለከላት በኮንስቲቲዩሽን ሆል ጀመረች፤ በ1965 ዓ.ም. በኤፕሪል 18 ቀን፥ በምዕራባውያን ፋሲካ፥ በኑዮርክ በካርኔጊ ሆል ፈጸመች። በ1993 ዓ.ም. በኤፕሪል 8 ቀን በ96 ዓመትዋ ዐረፈች። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ የሚጫወትበት ታላቅ አዳራሽ በስምዋ ተጠራ። ከመዝገቡ መስኮት ጥቁር ናት ተብላ በተመለሰችበት ከተማ ዛሬ ሙዚቃ ለመስማት የሚመጣ ሁሉ በስምዋ ደጅ ይገባል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የጀመረው ቶስካኒኒ ከተናገረበት ቀን አይደለም፤ ሩዝቬልት ደብዳቤ ከጻፉበት ቀንም አይደለም። በአንዲት የድሆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ሰዎች ከመዘምራኑ መካከል የቆመችውን ልጅ ሰምተው፥ ከዕለት እንጀራቸው ከፍለው ሳንቲም ባስቀመጡበት ቀን ነው። እነርሱ የሚሆነውን አላወቁም፤ አብዛኞቹም ሳያዩት ሞቱ። እንዲህ ያለ ልጅ በየደብሩና በየትምህርት ቤቱ በመዘምራን መካከል ዛሬም ቆሞ ይገኛል፤ የሚያስፈልገውም ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጠውና በጊዜው ደጅ የሚከፍትለት ሰው ነው።